የቆርቆሮው ሽንሽንና አንድ ፊርማ

ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «እስቲ ድገመው» በሚል ቅጽል የሚታወቁት መሐንዲስ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ፤ አባታቸው ሁለቴ ለክተው አንዴ ይቆርጡ ስለነበር፣ እሳቸው ሦስተኛውን ልኬት ከማን እንደወረሱ አይታወቅም።

በትምህርት ቤት ከመጽሐፉ ጀርባ የታተመውን መልስ እንኳ ሳያምኑ አድገው፣ የኤሌክትሪክ ምህንድስና አጥንተው፣ የሬዲዮ ሞገድ ከግድግዳና ከጣሪያ ነጥሮ ወዴት እንደሚበተን በኮምፒውተር በሚያሰላ ቢሮ ተቀጠሩ። ሶፍትዌሩ ያማረ ባለቀለም ሥዕል ሲያወጣ ሌላው ደስ ሲለው፣ እሳቸው ፊታቸውን አጥቁረው፣ የሞገድ አበታተኑ በእጅ ተሰልቶ በታወቀ የብረት ኳስ ላይ ሶፍትዌሩን አስቀድመው ሳይፈትኑት አይፈርሙም ነበር።

መምህርት የሆኑትን ባለቤታቸውንም «እሺ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደግመው አግብተው፣ ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

በዕድሜያቸው ሳይደግሙ የፈረሙት አንድ ሪፖርት ብቻ ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የተሠራ መጋዘን፣ አውሮፕላኖችን ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራውን ሞገድ ያዛባ እንደሆነ እንዲመረመር ሲታዘዝ፣ የመጋዘኑን የኮምፒውተር ሞዴል የሠራው በዚያው ቢሮ የሚሠራው ታናሽ ወንድማቸው ነበር፤ ጣሪያውን በሞዴሉ ውስጥ በቁራጮች ከፋፍሎ፣ ቁራጮቹን ይበልጥ አሳንሶም ደግሞ እንደፈተሸ በሪፖርቱ ጻፈ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ እንዲሉ፣ ወንድም ነው ብለው ፈረሙ።

በሳምንቱ ግን ውጤቱ ከመጠን በላይ ንጹሕ መሆኑ እንቅልፍ ነስቷቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውን መሰላል አስይዘው ጣሪያው ላይ ወጡና የቆርቆሮውን ሽንሽን በማስመሪያ ለኩ። በሞዴሉ ውስጥ ያሉት ቁራጮች ከሽንሽኑ ይሰፉ ስለነበር፣ ሶፍትዌሩ ጣሪያውን ለጥ ያለ አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ ቁራጮቹን አሳንሰው ሲያስደግሙት ሞገዱ ወደ ማኮብኮቢያው ሲበተን ታየ። አንድም አውሮፕላን ሳይሳሳት ጣሪያው ተቀየረ። ያልተደረገ ፍተሻ ተደረገ ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ አለቃቸው በጠየቁ ጊዜ፣ «የፈረምኩት እኔ ነኝ» ከማለት በቀር አልተነፈሱም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም የመፈረም ሥልጣናቸው ተነሣ።

ታናሽየው፣ «ወንድሜ መዋሸቴን ያውቅ ይሆን፣ ወይስ ሶፍትዌሩን ይሆን የሚጠረጥረው?» እያለ፣ በየሰላምታቸው ውስጥ ነገር ሲፈልግ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረ።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ሲታመም፣ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን የራጅ ምስል ሦስት ጊዜ ተነሥተው፣ ሦስቱም አንድ ሲሆኑ አመኑ። በመጨረሻው ሳምንት ታናሽየው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ሊናዘዝ ሲጀምር፣ ቀስ ብለው፣ «መሰላሉን ስትይዝልኝ ይንቀጠቀጥ ነበር እኮ» አሉት፤ ከዚያም ውኃ እንዲያቀብላቸው ጠየቁት።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ያን ሪፖርት ዋሽቶ የጻፈውን፣ እስከ ዛሬም ዝም ያለውን፣ አሁን በፊታችሁ ቆሞ ይህን የሚያነበውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ጥርጥር በሌለበት ቤቱ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ያመኑትንም ወንድም ይቅር ይበልላቸው።