ዜሮ የሚሉ ትከሻዎች

ክብርት ዶክተር ቸሮኖ፣ የሆስፒታላችን ኃላፊ፤ ክቡራትና ክቡራን፤ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ልጆቼ፤ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

ምስጋናዬን አስቀድሜ ልጨርስ። ንዴቴ ከመጣ በኋላ ይረሳኛል፤ ራሴን አውቀዋለሁ። የኩሽና ሰዎች፣ ፍየሉ እንዴት እንደጣፈጠ ሳህኖቹ ይመስክሩላችሁ። የባልደረባችን የቸሮቲች እናት፣ ሙርሲኩን፣ ያን እርጎአችንን፣ በቅል አድርገው ይህን ሁሉ ዳገት ስለላኩልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ጡረታ ስጦታዬ፣ ስለ ግድግዳ ሰዓቱም አመሰግናለሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ ሰዓት የሰጠኝ የለም፤ የትም መድረስ በማይጠበቅብኝ ቀን ተሰጠኝ። ባለቤቴ ሬጂና ግን ወዳዋለች። ከእንግዲህ ቤት ውስጥ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩባት ትቆጥርበታለች።

የመድረክ መሪያችን ላንጋት ቅድም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሽማግሌነቴን አክብሮ፣ «ምዜ፣ እባክዎ አጭርና ደስ የሚል ያድርጉት» ብሎኛል። ደስ የሚለው አልቋል። ላንጋት፣ ልጄ፣ አሁን ቁጭ በል።

ሰኞ በዚሁ አዳራሽ እንደየዓመቱ ለፊዚዮቴራፒስቶች የላቀ የትከሻ ሕክምና ሥልጠና ይጀመራል። ከቦሜትም፣ ከሶቲክም፣ ከናንዲም ሰው ይመጣል። አልጋዎቹ ከወዲሁ ከጀርባችሁ ተደርድረዋል፤ ፍየሉን ስትበሉ አንዳንዶቻችሁ ተደግፋችሁባቸዋል። ሥልጠናው እንዲመጣ ደብዳቤ ስንጽፍ፣ ደጅ ስንጠና የኖርነው እኛው ነን። ታዲያ ምን ያናድደኛል? ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር?

ይገባ ነበር። ከሳምንቱ ውስጥ አንድ ጠዋት ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ከለከላችሁኝ። የከፋኝ መከልከሌ ብቻ አይደለም፤ ምን ልትሠራበት ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው እንኳ አለመኖሩ ነው። ስላልጠየቃችሁኝ ዛሬ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። የምትሸኙትን ሰው መሐል ላይ ማቋረጥ ደግሞ ነውር ነው።

መጀመሪያ ለአሠልጣኛችን ለወይዘሮ ናሊያካ ልመስክርላቸው። ጎበዝ ናቸው። እጃቸው ትከሻ ላይ ሲያርፍ የትኛው ጅማት እንደተቆጣ ያውቃሉ። ያስተማሩን ሁሉ ልክ ነው። ክንዱን አንሣ፣ ወደ ታች ተጫን፣ ወደ ውጭ አዙር፤ በየመሐሉ ጠይቅ። ያማል? ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሆናል? ከዚያ በመልሱ ትመራለህ። ናይሮቢ ላይ ይሠራል። ሞምባሳ ላይማ እንዴት አድርጎ፤ የሞምባሳ ሰው ገና እጅህን ስትታጠብ ይጮሃል አሉ።

እኛ ዘንድስ?

የመጀመሪያው ዓመት ሥልጠና ባለቀ ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ፣ አያታችን ኮጎ ታፕሌሌይ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሻይ ሲለቅሙ የኖሩ አሮጊት ናቸው። የለቃሚን ሥራ ታውቁታላችሁ፤ ቅጠሉን ቀጥፎ በትከሻ ላይ ወደ ኋላ፣ ጀርባ ላይ ወዳለው ቅርጫት መወርወር ነው፣ ከንጋት ጀምሮ ዝናቡ እስኪመጣ። ላንጋት በአዲሱ ሰርተፍኬቱ ደረቱን ነፍቶ ተቀበላቸው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሌላ ሰው ይዤ ነበር።

«ኮጎ፣ ክንድዎን ትንሽ ልጫነው። ያምዎታል?»

«ኧረ የለም።»

«ከዜሮ እስከ አስር ቢሉትስ?»

«ዜሮ ማለት ምንድን ነው?»

«ምንም ማለት ነው።»

«እንግዲያው እሱን ጻፍልኝ።»

ጻፈላቸው። እንደተማረው ነው ያደረገው፤ አልወቅሰውም። «ደህና ነዎት፤ ነገ ሥራ መግባት ይችላሉ» አላቸው። እሳቸውም «ተባረክ ልጄ» ብለው ሊወጡ ተነሡ። መጋረጃውን ስገልጥ ዓይኔ ያረፈው ሻሻቸው ላይ ነው። እናቶቻችን ሻሽ የሚቋጥሩት ከማጅራታቸው ላይ ነው። የእሳቸው ቋጠሮ ግንባራቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ኮጎ፣ ሻሽዎን ማን አሰረልዎት?»

«የልጅ ልጄ።»

«ምነው?»

«መጫወት ትወዳለች።»

«ላሟንስ የሚያልባት ማን ነው?»

ወደ በሩ እያዩ «ምራቴ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ የማን ልጅ ነህ? ሰው እንዲህ ይጠየቃል?» ብለው ተቆጡኝ።

እውነታቸውን ነው፤ አይጠየቅም። ላሟን ለምራቷ ያስረከበች እናት ቀልዳ አላስረከበችም። መልሼ አልጋው ላይ አስተኛኋቸውና ክንዳቸውን አነሣሁት፤ በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ትቼ እግራቸውን አየሁ። ጣቶቻቸው እንደ ጡጫ ተጨብጠዋል። ፊታቸውማ ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብለው ስብከት የሚሰሙ ነው የሚመስለው። ጅማቱ ተበጥሶ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህን ማስረዳት ያለብኝ ለእናንተ ነው? እኛ ኪፕሲጊሶች እንዴት እንዳደግን አታውቁም? ልጅ በግርዛት ወደ ጉልምስና ሲሻገር ዘመድ አዝማድ ከቦ የሚያየው ዓይኑን ነው። ሽፋሽፍቱ እርግብ ካለች እስኪያረጅ ይወራበታል፤ እናቱ ገበያ መውጣት ታፍራለች። እኔ በዚያ ወግ አድጌያለሁ፤ ኮርቼበታለሁም። ክብርት ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለሆነ ነው፤ ሁለተኛ ልጅዎን ሲወልዱ አዋላጇ ወጥታ «ዶክተሯ ገና ናቸው፣ አንዲትም አልተነፈሱም» እያለች ሳለ የልጁ ድምፅ ተሰማ። ይሳቁ፣ ግድ የለም። ግን ያን ዕለት ከዜሮ እስከ አስር ብለው ቢጠይቁዎት ምን ይሉ ነበር?

የኛን ሰው ፊት አይቶ፣ አፉን ሰምቶ ትከሻውን እመረምራለሁ ማለት በተዘጋ በር ቤት መጎብኘት ነው። ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ፣ መርማሪዎቹም የዚሁ አገር ልጆች መሆናችን ነው። ውጭ ያደገ ሰው ቢሳሳት እሺ። እኛ እናቶቻችን ሲዋሹ እያወቅን፣ ጥያቄው ከእንግሊዝኛ ስለተተረጎመ ብቻ እውነት የተናገሩ ይመስለናል።

አራፕ ቱዌይን ታስታውሳላችሁ፤ የሻይ መቁረጫ ማሽን የሚይዘው፣ ያ ሳቂታ ሰውዬ። እሱ ሲመጣ የፊት ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ተገዝቶ ነበር። በቁጥር የማይናገር ሰው በሥዕል ይናገር ተብሎ፤ ከሚስቀው ፊት አንሥቶ እስከሚያለቅሰው። አራፕ ቱዌይ ሁሉንም አንድ በአንድ አየና የሚስቀውን ጠቆመ።

«ሕመምህ እንደዚህ ነው?» አልኩት።

«ኧረ እኔ ስለ ሕመም አላወራሁም። ከእነዚህ ውስጥ ሚስት የሚያገኝ ይሄኛው ብቻ ነው።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ስቄያለሁ። እሱ ግን እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት፣ ሰርተፍኬት ያላቸው ሰዎች ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ መርምረው ለሥራ ብቁ ነው ብለው መልሰውታል። ማሽኑ ትከሻውን ሲያንቀጠቅጠው ከርሟል። እኔ እጅ ሲደርስ ለቀዶ ሕክምናም ረፍዶ ነበር። ዛሬ በግራው ይጎርሳል። በግራ እጅ መጉረስ በኛ ሽማግሌዎች ፊት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማዕድ ሲቀርብ «እኔ በልቻለሁ» ብሎ ወጥቶ ደጅ ይቆማል። አሁንም ይስቃል። እሱ በሳቀ ቁጥር እኔ እበግናለሁ።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው ወደ ሥልጠናው ኮሚቴ የሄድኩት። ዶክተር ቸሮኖ በትሕትና ነው የመለሱልኝ።

«ምዜ ማሪቲም፣ ይህ ሥልጠና ዓለም አቀፍ መስፈርት ያለው ነው። መርሐ ግብሩን መንካት አንችልም። ደግሞስ ትከሻ የትም ትከሻ ነው።»

«ትከሻማ የትም ትከሻ ነው፤ የተለያየው አፉ ነው» አልኳቸው።

«ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» አሉኝ።

በሚቀጥለውም ዓመት እናየዋለን ተባለ። ዘንድሮም። ከመሥሪያ ቤታችን ቃላት ሁሉ እንደዚህ ቃል ያስረጀኝ የለም። በሽተኛ ላይ ተቆጥቼ አላውቅም፤ በእናንተ ላይ ግን ተቆጥቻለሁ፤ ዛሬም እንደተቆጣሁ ነው የምወጣው። በጡረታ የሚበርድ መስሎኝ ነበር። አልበረደም።

እስከዚያው በሥልጠናው ላይ ማን ማንን መረመረ? እርስ በርሳችን። ሸሚዝ አውልቀን፣ በብዕር ቆዳችን ላይ ምልክት አድርገን፣ አንዱ ሲተኛ አንዱ ሲጫን። ያውም ሁሌ የሚተኛው ላንጋት ነው፤ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ለማሳየት ይመቻል ተብሎ። በዚህ አውራጃ የላንጋትን ትከሻ የማያውቅ ፊዚዮቴራፒስት የለም። ደህና ነው። ደጋግመን አረጋግጠናል። ግድግዳው ማዶ ደግሞ ለቃሚዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው «አዳራሹ ለሥልጠና ተይዟል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» ይባላሉ።

የጠየቅኩት ጠዋት ለዚህ ነበር። እነሱን ወደ ውስጥ ማስገባት። እጅ ከማሳረፋችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ማውራት። ያማል ወይ አትበሉ። ምን ሥራ አቆሙ፣ ማን ይሠራልዎታል በሉ። ሸሚዙን ማን ይቆልፋል፣ እንጨቱን ማን ይፈልጣል፣ በየትኛው ጎን ይተኛሉ። ስታነሡት ፊቱን ሳይሆን እግሩን እዩ፤ ትንፋሹ የት ላይ እንደቆመ ስሙ። ይኸው ነው። ወይዘሮ ናሊያካ ያስተማሩንን አንዱንም አያፈርስም፤ ከፊቱ ይቀድማል እንጂ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልናገረው አላሰብኩም ነበር፤ ሬጂና ናት ካልተናገርክ እኔ ተነሥቼ እናገራለሁ ያለችኝ።

ቀኝ ክንዴ ከደረቴ በላይ አይነሣም። ከገና በፊት ጀምሮ አልተነሣም። ቅድም የሽኝት ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ ስትደርቡልኝ በቀኝ በኩል ጎትታ ያስተካከለችው ሬጂና ናት። ሸሚዜን የምታለብሰኝ እሷ ናት። ሌሊት ወንበር ላይ ነው የምተኛው። በየቀኑ አብራችሁኝ ውላችኋል፤ አብዛኞቻችሁ የትከሻ ሰርተፍኬት አላችሁ፤ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል።

አትሸማቀቁ፤ ቸሮቲች፣ አንቺም ቀና በይ። አንቺ ጠይቀሽኛል። ፋይል ከመደርደሪያ ላወርድ ስሞክር አይተሽኝ፣ «ምዜ፣ ትከሻዎ ያምዎታል እንዴ?» ብለሽኛል። ምን አልኩሽ? «ደህና ነው» አልኩሽ። ወንበር አምጥተሽ ፋይሉን አወረድሽልኝና ወደ ሥራሽ ሄድሽ። ይህን ወሬ ለዓመታት ያሰለቸኋችሁ እኔ፣ ሊነገር የሚገባውን ሁሉ የማውቅ እኔ፣ ስጠየቅ ያንን ነው የመለስኩት። አፌ ራሱ ነው የተናገረው፤ አላማከረኝም። እኔ እንዲህ ካልኩ ኮጎ ታፕሌሌይ ምን ይበሉ?

ስለዚህ ንዴቴ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ። ለሌላ ሰው ብቻ መስሏችሁ ከነበረ አይደለም። ፈርቻለሁም። ክንዴ እንደ አራፕ ቱዌይ እንዳይቀር እፈራለሁ። ይህን አፍ አውጥቼ ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ አባቴ ቢሰማኝ ከቤት ያስወጣኝ ነበር።

በሉ ልመርቃችሁ፤ ሽማግሌ ሳይመርቅ አይወጣም። እጃችሁ አይዛል። የዳሰሳችሁት ይዳን። ላሞቻችሁ በደህና ይታለቡ፤ ዝናቡ ያለ በረዶ ይውረድላችሁ። ልጆቻችሁ ከእናንተ ይብለጡ፤ ሲያማቸው የሚነግሩት ሰው አይጡ። ዶክተር ቸሮኖ፣ ሆስፒታሉን ከዚህ በላይ ሰፊ ያድርግልዎ፤ ደጅ የሚጠብቀውንም ሰው ይቀንስልዎ። ላንጋት፣ ለትከሻህ ዕረፍት ይስጥልህ።

ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ላስተምር አይደለም፤ ለእሱ አልጠራችሁኝም። ከበሽተኞቹ ጋር አግዳሚው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ተመለስ ብትሉኝ አልመለስም፤ ከእንግዲህ የምሄድበት የለኝም። በሩን ከፍታችሁ አስገቡኝና አንዱ አልጋ ላይ አስተኙኝ። «ያምዎታል?» ብትሉኝ የምመልስላችሁን ታውቁታላችሁ። ሌላ ጥያቄ ይዛችሁ ጠብቁኝ።