የቢያድግልኝ ላሞች ደም

በእኛ ጊዜ እንግዲህ፣ ልጆቼ፣ ከብት ሲታመም ደሙን ቀድቶ የሚመረምር አልነበረም፤ "ማን አመጣብን?" ተብሎ ሰው ነበር የሚጠየቅ። እኔም በዚያ ነው ያደግሁ፣ ይኸው ሸምግዬም ያው ሆንኩ።

ቢያድግልኝን ታውቁታላችሁ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን። ሚዜዬ ነው። በደቦ አብረን፣ በማኅበር አብረን። ታዲያ ካቻምና በጋ ከጫግኒ አንድ በሬ ገዝቼ መጣሁ፣ ቀይ፣ ሸጋ በሬ። ትንሽ ያነክስ ነበር፤ "መንገድ ነው የጎዳው" አልኩ። እና ሳምንት ሳይሞላ የላሞቼ አፍ ቆሰለ፣ ለሃጫቸው ተዝረከረከ፣ ሰኮናቸው ተላጠ፤ አፍተግር ነው እንግዲህ። ሁለት ጥጆቼ እናታቸውን እየጠቡ ወደቁ። ሞቱ፣ ልጆቼ፣ እያየሁ ሞቱ።

እኔ ምን አልኩ? "የቢያድግልኝ ላሞች ናቸው! ከኛ ምንጭ ሲጠጡ አይቻለሁ!" አልኩ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እሱ "ኧረ የኔዎቹ ደኅና ናቸው፣ ና እያቸው" ቢለኝ፣ "ደብቀህ ነው!" አልኩት። ታዲያ አገሩ እኔን ሰማ። ላሞቹን ከምንጩም ከግጦሹም ከለከሏቸው። እሱም በደጁ አስሮ፣ ውሃውን በጀሪካን እየተሸከመ፣ ድርቆሽ ሲያበላ ከረመ።

በዚህ መሀል የከብት ሐኪሟ ከቆሰበር ከተማ መጣች፣ ልጅ እግር ናት። ከኔም ከብቶች፣ ከሱም ከብቶች ደም ቀዳች። እሱማ ራሱ ነው እየጎተተ ያመጣቸው፣ "የኔንም ውሰጂ፣ ልጄ፣ የኔንም!" እያለ። "በሽታው የያዘው ከብት ቢድንም፣ ሰውነቱ የተከላከለበት ምልክት ደሙ ውስጥ ይቆያል፤ ላቦራቶሪ ያየዋል" አለችን። ውጤቱ ግን ዘገየ፣ እጅግ ዘገየ። ድርቆሹ አለቀ። እና ያሉትን ሦስቱንም ላሞች ለሥጋ ነጋዴ ሸጣቸው። ሲነዷቸው ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ አሉ።

ኋላ ሐኪሟ ወረቀቷን ይዛ መጣች። "የእርስዎ ከብቶች ሁሉም ምልክቱ አለባቸው፣ በሬውም። የአቶ ቢያድግልኝ ላሞች ግን አንዳቸውም የለባቸውም፤ በሽታው ጨርሶ አልነካቸውም" አለች።

"ታዲያ ከየት መጣ?" ብላት፣

"ከበሬው ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ከነሱ ግን አልመጣም። በሬው ሲገዛ ደኅና ነበር?" አለችኝ።

ማነከሱን አይቼ የለ?

ታዲያ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ሽማግሌ አስከትዬ፣ ደጁ ላይ ወደቅሁ። "ማረኝ" አልኩት፣ በአዊኛ። እኛ እኮ ከልጅነታችን ጀምሮ በአዊኛ፣ አንተ ተባብለን ነው የምንጨዋወት። እሱ ባዶውን ጋጣ አየት አደረገና፣ በአማርኛ፣ "ይቅር ብያለሁ። ይነሱ እንግዲህ፣ ልብስዎ ቆሸሸ" አለኝ። ይነሱ አለኝ! እኔን!

"ታዲያ አባባ፣ ታርቃችኋላ?"

ታርቀናል እንጂ፣ ልጄ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እንደምን አደሩ?" ይለኛል።