ያንቀላፋው ጸሐፊ

አምቦ ሳስተምር፣ «መጽሐፍ ቅዱስን ገልባጮች እንደፈለጉ ቀያይረውታል» እያልኩ ስፎክር የሰሙኝ የግብረ ገብ መምህሩ አባ ተክሌ፣ እጄን ይዘው አዲስ ዓለም ከተማ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። ከሚያውቋቸው ቄስ ሁለት የብራና ወንጌሎች ተቀብለው አንዱን ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ እኔ በሌላው ተከታተልኩ። ማቴዎስ እገሌ እገሌን ወለደ ሲል እንቅልፌ መጣ። ድንገት ግን አባ ያነበቡት አንድ ስም እኔ በያዝኩት ወንጌል ላይ ታጣ።

«ይኸው! ይህ ሰውዬ ሳይወለድ ቀርቷል!» ብዬ ጮኽኩ።

አባ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ጸሐፊው እዚህ ጋ እንዳንተ አንቀላፍቷል። ለመሆኑ መጉደሉን በምን አወቅህ?» አሉኝ።

«ከእርስዎ መጽሐፍ ነዋ!»

«አየህ? አንዱ ቢተኛ ሌላው ነቅቷል። ሁሉም እዚችው መስመር ላይ ካልተኙ ምን ይጠፋል?»

ሰኞ አባ በመምህራኑ ፊት፣ «ወዳጃችን የጠፋ ቅድመ አያት አግኝቶ መጣ» ብለው አስጨበጨቡልኝ። ምን ላድርግ፣ እጅ ነሳሁ።