አራቷ ማርክ

ደባርቅ ዘጠነኛ ክፍል ስንማር፣ በእንግሊዝኛ የሚበልጠኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ምንባብ አጥንተን ከፊት ወጥተን እንድናቀርብ አዘዘን፤ ከአስር ይያዛል ተባለ። እኔ እየተንተባተብኩም ቢሆን ሐሳቡን በራሴ አባባል አስረዳሁ። ስድስት ሰጠኝ። ቀጥሎ ይርጋ ወጣ። የቄስ ልጅ ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ ደግሞ የመጣ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘ፣ ገጹን አንዲት ቃል ሳይስት አንበለበለው። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። አስር!

ሳላስበው ብድግ ብዬ፣ "ቲቸር፣ ትርጉሙን እኮ አያውቀውም! ይጠየቅ!" አልኩ። ተጠየቀ። ይርጋ ቅንጣት ሳይደነግጥ፣ "ትርጓሜው ገና ነው፣ የኔታ፤ መጀመሪያ ንባቡ ይጽና" አለ። ለካ መምህሩም ዲያቆን ኖሯል! ከት ብሎ ስቆ፣ "እውነቱን ነው" አለና አስሩን አጸደቀለት። በዕረፍት ሰዓት ይርጋ ራሱ መጣና፣ "አንቺ ትርጉሙን ንገሪኝ፤ እኔ ንባቡን እያስከተልኩ አስቀጽልሻለሁ" አለኝ። ከልቡ ነበር። ፊቴን አዙሬበት ሄድኩ።

ዛሬ እኔም ዳባት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በቃሉ ሸምድዶ ለመጣ ተማሪ፣ የቱንም ያህል ቢያንበለብለው፣ ከስድስት በላይ ሰጥቼ አላውቅም። ባለፈው አንዱ ወረቀቱን ይዞ መጣና፣ "ቲቸር፣ የቀነስሽብኝ አራት ማርክ የምንድን ነው?" አለኝ።

"የትርጉም" አልኩት። የይርጋ ነው እንዳልለው አፍሬ።