ከአይሱዙው ኋላ

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ስንሄድ አጠገቤ የተቀመጠው፣ "ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ" ባዩ ጎልማሳ ከሰማይ አልወርድ አለ። "ፈረንጆቹ አውሮፕላንን በአውሮፕላን እየተከተሉ ጭሱን ይለካሉ። በብናኙ ላይ በረዶ ይጋገርና ደመና ይሆናል" አለን። እኔም ሞኙ አፌን ከፍቼ ሰማሁት።

ዳገቱ ላይ አንድ አይሱዙ ከፊታችን ገብቶ ጥቁር ጭሱን ለቀቀብን። ይሄኔ ምሁሩ አፍንጫውን በኮቱ እጅጌ አፍኖ "ሹፌር፣ ቅደመው እንጂ! ልትጨርሰን ነው?" ብሎ ጮኸ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሐጂ "ተው ልጄ" አሉት። "ፈረንጅ ሰማይ ድረስ ወጥቶ የሚያባርረውን ጭስ አላህ አፍንጫህ ድረስ አምጥቶልሃል። እስቲ ለካዋ!"

ምሁሩ መስኮቱን ዘግቶ ወልድያ እስክንገባ አፍንጫውን ከእጅጌው አላወጣም። ለነገሩ የኛ ሳንባ ደመና አይሠራ፣ ማን ይለካዋል!