ሐመሩ ሐ እና ታብሌቱ

በኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ጽሑፍ ድምፅ ነበረው። ቀልዴን አይደለም። ጠዋት ቢሯችን ስትገቢ ዐሥራ ሁለት ሴቶች ዐሥራ ሁለት የጽሕፈት መኪና ሲመቱ፣ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስልሽ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ግልን! መስመሩ ሲያልቅ ደወሏ ናት። ታዲያ የአማርኛው መኪና ፊደሉን ሙሉ አድርጎ አይሰጥሽም እኮ፤ ገላውን ትመቺና ቅጥያውን ለብቻው ትጨምሪበታለሽ፤ እግሩን፣ ቀለበቱን። ጣቴን አየሽው? ይሄ የተቆለመመው? የዚያ የቅጥያው ቁልፍ ሥራ ነው። ሠላሳ ዓመት!

እና አሁን አንቺ ልጅሽን አዝለሽ መጥተሽ፣ «እትዬ በላይነሽ፣ ያቋረጥኩትን ዐሥራ አንደኛ ክፍል ልቀጥል ነው፤ ታብሌት ልግዛ ወይስ ኮምፒውተር?» ስትይኝ፣ እኔ ይሄ ይሻልሻል ብዬ ዘልዬ አልመልስልሽም። መርሻ ላይ የሆነውን ነው የምነግርሽ። ያው እሱም አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማኛል፤ ከዋሸሁ ያርመኛል። ማረም ይወዳል።

ማረም ይወዳል ስልሽ እንዲሁ አይደለም። ያገባኝ አርሞ ነው! እሱ መዝገብ ቤት ነበር፣ እኔ ትየባ ክፍል። ልጅ ሆኖ ቄስ ትምህርት ቤት ነው ያደገው፤ ፊደል ላይ ቀልድ አያውቅም። ደብዳቤ መትቼ እልክለታለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ይዞት ከች ይላል፣ ያቺን መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ።

«ወይዘሪት በላይነሽ፣» ይለኛል ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ሠራተኛ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው። አንቺ በእሳቱ ሰ አቃጠልሽው።»

«ታዲያ ድምፃቸው አንድ አይደለም እንዴ? ሰዉ ያነበዋል አይደል?»

«ማንበብማ ያነበዋል።»

«እና ምን ይሁን ትላለህ?»

«ስሕተት ነው።»

በቃ! ስሕተት ነው! ሌላ ነገር የለውም። እኔም ተናድጄ እንደገና እመታዋለሁ፤ በነጋታው ደግሞ ዐይንን በአልፋው አ ጽፈሻል ብሎ ይመጣል። እያረመኝ፣ እያረመኝ፣ አገባኝ። ልጅ ስንወልድም ሕይወት አላት፤ በሐመሩ ሐ። የልደት ወረቀቷ ላይ በሃሌታው ሀ ቢጽፉበት ሦስት ቀን ተመላልሶ አስለወጠው። ይቺን የሐመሩን ሐ ነገር ያዢልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እና ታዲያ እዚህ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት ሊታጠብ ገብቶ ቆየብኝ። ሲወጣ አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። «መርሻ!» አልኩት፤ አየኝ። «መርሻ፣ ምን ሆንክ?» አየኝ፣ አየኝ፣ ቃል የለም። ቀኝ እጁ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተንጠልጥሏል። ሐኪም ቤት ሰነበትን። ሐኪሙ ለጋ ልጅ ነው፣ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፤ «እማማ፣ እሳቸው የምትሉትን ሁሉ ይሰማሉ፤ ይገባቸዋልም። ምላሳቸው ነው እምቢ ያለው። መጻፍ ይሞክሩ።»

ቤት መጥተን እስክሪብቶ በግራ እጁ አስያዝነው። ዶሮ የጫረው ሆነ። አየውና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እሱ እኮ የእጅ ጽሕፈቱ ለሌሎች ምሳሌ ይሆን የነበረ ሰው ነው፣ አስቢው።

ታዲያ ልጄ ሕይወት፣ አትላስ አካባቢ የምትኖር የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ያን ሰሞን መጥታ፣ «እማዬ፣ ታብሌት እንግዛለት። ክብደት የለውም፤ ተኝቶም ደረቱ ላይ አድርጎ ይነካዋል፤ ነካ ማድረግ ብቻ ነው፣ ኃይል አይፈልግም» አለችኝ።

እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ራሴ! አልዋሽሽም። «ሂጂ ወዲያ!» አልኳት። «ታብሌት የሕፃን ማባበያ ነው። ፎቁ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ አፍንጫቸውን ሰክተውበት አይደል የሚውሉት? ቁልፍ የሌለው መጻፊያ አለ እንዴ? እኔ ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ስመታ የኖርኩ ሴት ነኝ። አባትሽ ትልቅ ሰው ነው፤ ኮምፒውተር ይምጣለት!»

መጣ። ያ ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የምታዪው ነው። ሁለት ሰው ተሸክሞት አራተኛ ፎቅ ድረስ፤ ሊፍት የት አለና። ጠረጴዛ ተፈለገለት፣ ወንበር ተፈለገለት፣ መርሻን ደግፈን አስቀመጥነው። ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ትራስ አደረግን። ወደ ግራ ይንሸራተታል። በሌላ ትራስ ደገፍነው። እንደ ሙሽራ በትራስ ተከቦ ተቀመጠ።

ሕይወት ጎኑ ቆማ፣ «አባዬ፣ ይኸውልህ፣ እንግሊዝኛውን ፊደል ስትጫን አማርኛ ይሆናል። ኤል ል ይሆናል፤ ኤም ም ይሆናል። በል ስሜን ጻፍልኝ» አለችው።

ግራ እጁም ደክሞ ነበርና፣ ያቺን አንዲት የምትታዘዘውን ጣቱን አነሣ። ፈለገ፣ ፈለገ፣ ኤችን አገኛት። ተጫነ። «ህ» መጣ። ጥሩ! አልን። አጠፋው። እንደገና ተጫነ፤ «ህ»። አጠፋው። «ህ»። አጠፋው። ልጄ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ! ህ ብሎ ያጠፋል፣ ህ ብሎ ያጠፋል። ላብ በላብ ሆኗል። በመጨረሻ የቁልፉን ሰሌዳ በእጁ ጀርባ ገፋው፤ ዐይኑን ጨፈነ። ሌላም ቀን አስቀመጥነው፤ ያው ነው። ህ፣ ህ፣ ህ። የሚያቃስት ሰው ይመስላል።

ያኔ ሐኪሙ ዋሸን አልኩ። ቃሉ ውስጡ የለም፣ ሄዷል አልኩ።

እኅቱ እትዬ ዘነበች ደግሞ አለች፤ ሰሚት ነው ቤቷ። እግዚአብሔር ያክብራትና ደግ ናት፤ ግን እሷ ስትናገር ሌላ ሰው አይናገርም። መጥታ ያቺን ህ አየቻት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እንዲህ፣ እዪኝ፣ «በቃ!» አለች። «ወንድሜ አእምሮው ደክሟል። አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቅላችሁ ልትገድሉት ነው? እኔ ግቢ አለኝ፤ ፀሐይ አለ፣ ደረጃ የለም። ቅዳሜ እወስደዋለሁ። አንቺም እረፊ፤ ልጅሽ ዘንድ ሂጂ፤ ጉልበትሽን እዪው እስቲ!»

እኔ ምን ልበል? እውነት አላት፤ ጉልበቴ አልቋል። ግን አርባ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው፣ እሱ ሰሚት፣ እኔ አትላስ? እሷ አልጋው ድረስ ሄዳ፣ «መርሻዬ፣ እኔ ጋ ብትመጣ አይሻልህም?» አለችው። እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «አያችሁ! እሱ ራሱ ፈልጓል!» አለች። እኔም ኋላ ለብቻዬ ሄጄ ጠየቅኩት። «መርሻ፣ ልትሄድ ነው?» ነቀነቀ። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ለካ ሊሄድ ይፈልጋል አልኩ።

ዐርብ ልብሱን አጣጠፍኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሕይወት ይቺን ታብሌት ይዛ መጣች፤ «ሰሚት ሲሆን ቅዳሴ ይስማባት፤ መዝሙር ጭኜበታለሁ» ብላ። ለመጻፊያ ብላ አይደለም እኮ! እሱን ነገር ትተነዋል። ደረቱ ላይ አቆመችለት። ከዚያ ማን እንደ ሰጠው እንዲያስታውስ ብላ፣ ልጅ አይደለች፣ በአማርኛ ጻፈችበት፤ «ለአባዬ ከልጅህ ከህይወት» ብላ። በሃሌታው ሀ!

እኔ ካልሲውን እያለበስኩት ነበር። እግሩ ሲንቀሳቀስብኝ ቀና አልኩ። ጣቱን አንሥቷል። መስታወቱን ነካው። ታዲያ እዚያ ላይ ምን አለ መሰለሽ? ፊደሎቹ! እንግሊዝኛ የለ፣ ምን የለ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተሰልፈው ቁጭ ብለዋል። ልክ ልጅ ሆኖ እንደ ተማረበት የፊደል ገበታ! ሐን ስትነካው ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይመጣል፤ ሐ ሑ ሒ ሓ ሔ ሕ ሖ፣ ከላይ ይሰለፍልሻል፣ ምረጪ ይልሻል። እሱ ያንን ሲያይ ዐይኑ... እንዴት ልንገርሽ... ፊቱ ላይ መብራት መጣ።

«ህ»ን አጠፋት። «ሕ»ን አስገባ። «ሕይወት»።

ሕይወት ጮኸች። «አባዬ! ስፔሊንጌን አረመኝ! እማዬ፣ አረመኝ!»

ያኔ ነው የገባኝ፣ ልጄ። ወዲያው ነው የገባኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ሐመሩን ሐ ለማምጣት አንዱን ቁልፍ ተጭነሽ ይዘሽ ሌላውን መምታት አለብሽ፤ ሁለት እጅ ነው የሚፈልገው፣ ወይ ሁለት ጣት። እሱ ያለው አንድ ጣት! ሃሌታውን ብቻ ነው የሚሰጠው። እና የልጁን ስም በተሳሳተ ፊደል ከሚጽፍ ምንም ባይጽፍ መረጠ። አእምሮው ሄዶ አይደለም፤ አእምሮው ከኛ በላይ ስለነበረ ነው! እኛ እብድ አልነው፣ እሱ እያረመ ነበር።

በዚህ መሐል እትዬ ዘነበች ደረጃውን ጨርሳ፣ እያለከለከች፣ «ተዘጋጀ? መኪናው ታች ቆሟል» ብላ ገባች። መርሻ ጣቱን አላቆመም። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። «ሰሚት አልሄድም።» አራት ነጥቡን ሳይቀር አደረገው!

«ምን አለ?» አለች እኅቱ።

«አልሄድም አለ፣» አልኳት።

«ራሱን ነቅንቆልኝ አልነበረም እንዴ! መርሻ፣ እሺ አላልከኝም?»

እኔም ተቆጣሁት፤ ስንት ቀን አስለቅሶኝ። «እሺ ያልከው ለምንድን ነው ታዲያ? ሰው የማይፈልገውን እሺ ይላል?»

ጻፈ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሰጠኝ። መነጽሬን አጥቼ ሕይወት ናት ያነበበችልኝ፤ «ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽሽ ይሰማኛል» ይላል። ለኔ ብሎ ነው፣ ልጄ። እኔን ላሳርፍ ብሎ።

እትዬ ዘነበች ዕቃውን የያዘውን ሻንጣ ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። «እንግዲያው ምሳ ስጡኝ፤ አራት ፎቅ በከንቱ አልወጣም» አለች። ምሳ ቀረበ። መርሻ ቀመሰና እንደገና ጣቱን አነሣ። ምን ሊል ነው ብለን ሁላችን ተጠጋን። «ጨው።» ሐኪሙ ከልክሎት ስንት ወር አልጫ ያለ ጨው ሳበላው፣ ለካ ይሄን ሁሉ ወር አፉ ላይ ይዟት ኖሯል!

እና እንግዲህ ስለ ታብሌት ምን ትያለሽ ካልሽኝ፣ ይቺን ብርጭቆ መሳይ ነገር ሳያት እሷም ሰው ትመስለኛለች። ትተኛለች ከተኛ፣ ትቀመጣለች ከተቀመጠ። መብራት ቢሄድ እንኳ ቻርጅ ካላት ታወራለች፤ ያኛው መብራት ሲሄድ አብሮ ነው የሚሞተው። ጉድ ናት! ግን ሁሉን ትችላለች ብዬ አላታልልሽም። እኔ የዕድራችንን ቃለ ጉባኤ የምጽፈው አሁንም በዚያ ዳንቴል በለበሰው ኮምፒውተር ነው፤ ረጅም ነገር ሲሆን ጣቴ ቁልፍ ይፈልጋል፣ መስታወቱ ያንሸራትተኛል። ለመማሪያ፣ ለማንበቢያ፣ ልጅ አዝሎ ለሚማር ሰው ታብሌቷ ትበቃለች። ለሰው ደብዳቤ እየተየቡ ለመኖር ከሆነ ግን ኮምፒውተር ነው። አይደለም እንዴ፣ መርሻ?

ጋሽ መርሻ ግን ታብሌታቸውን አላነሡም። እኔን፣ ጠያቂዋን፣ ነበር የሚያዩት። በግራ ጣታቸው ጭኔ ላይ ወዳለው ደብተር ጠቆሙ፤ እትዬ ሲያወሩ ቃላቸውን የጻፍኩበት ነው። ሰጠኋቸው። ልጄ ጀርባዬ ላይ እንዳትነቃ ቀስ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አነበቡ፤ አንድም መስመር አልዘለሉም። ከዚያ ታብሌቱን ስበው መንካት ጀመሩ።

ሲጨርሱ ወደኔ አዞሩት።

«አንቺም ሠራተኛን አቃጠልሽው። ዐይንም ልክ አይደለም። ታብሌቱን ግዢ፤ ትምህርት ስትጀምሪ ደብተርሽን እያመጣሽ አሳዪኝ። አርማለሁ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

እትዬ በላይነሽ አንገታቸውን አስግገው አነበቡና ጉልበታቸውን እየመቱ ሣቁ። «ኧረ ተጠንቀቂ፣ ልጄ! እኔንም እንዲሁ ብሎ ነው የጀመረኝ!»

ጋሽ መርሻም በዚያ በግማሽ አፋቸው ሣቁ። እዚህ የተጻፈው ፊደል ትክክል ከሆነ የሳቸው እርማት ነው።