አንድ ጉንጭ ውሃ

አምደወርቅ፣ ጥር 5 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ ወለተ ሐና፣ ሰቆጣ።

ማሬ ነኝ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ፊደልም እገድፋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ እንኳን ለመጻፍ ለመናገርም አፌ እንደሚተሳሰር ያውቃሉ። የማርያም ለት ማኅበርተኛው ሁሉ ሲሰበሰብ ቄስ ገብረ አምላክ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡልዎ። ምስጢር የለበትም… ምስጋና ነው።

ለመሆኑ ብርዱ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ተሻለዎ? የጎረቤትዎ ጤና አዳምስ? መቼም በሰቆጣ እንደዚያ የለመለመ የለም። በበጋ እንኳ አይጠወልግ! ሴቱ ሁሉ ዝንጣፊ እየለመነ ሲወስድ፣ «እጃቸው ምን ቢባረክ ነው?» ይባል አልነበር? እኔ ልንገርዎ።

እናታችን ስትሞት እኔንና እህቴን ጥሩሐረግን ወስደው ያሳደጉንን ሴትዮ ስማቸውን አልጠራም። በጎ ሥራ በአደባባይ ሲወራ ዋጋው ይቀንሳል ይሉ የለ? ምናልባት አሁንም ከአጠገብዎ ተቀምጠው ይሆናል። ጠላውን ይጨምሩላቸው።

ሌላው ሰው ልጅ ሲገርፍ ልጁ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይታወካል። እሳቸው ግን ለጎረቤት አሳቢ ናቸው። ልምጩን ከማንሳታቸው በፊት አንድ ጉንጭ ውሃ ያስይዙናል። መዋጥ የለም፣ መትፋት የለም። አንዲት ጠብታ ከወረደች ግርፊያው እንደገና ይጀመራል። ሲያበቃ፣ ከሩቅ የተቀዳ ውሃ በከንቱ እንዳይፈስ፣ ጤና አዳሙ ሥር እንተፋዋለን። እንዲያ ያለ ቆጣቢ አይተው ያውቃሉ? «ከዚህ ቤት የልጅ ልቅሶ ተሰምቶ አያውቅም፤ የተባረከ ቤት!» ይሉ የነበሩትስ እርስዎ አይደሉም?

«ዝም አይነቅዝም» ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው። ዝምታው እንዳለ አለ… የነቀዘው ሌላ ነው።

ጥሩሐረግማ በዕድሜም በጉብዝናም ትበልጠኛለች። ኋላ ኋላ ልምጩን ስታይ ሳትታዘዝ ራሷ ትጎነጭ ነበር። ወሬዋ እስከዚህ አገር ተሰማ። ይግዛው ከአምደወርቅ ሽማግሌ ሲልክ መልኳን ጠየቀ? ዘሯን አስቆጠረ? «ድምጿ የማይሰማ ልጅ አለች ብለውኝ ነው» አለ እንጂ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የእኛው ግን ምን አደከመው? ቁርበቱ ለፍቶ፣ ለስልሶ፣ ተነጥፎ ነው የጠበቀው።

ባለፈው ሐሙስ ከአውድማ ሲመለስ ምሳ ዘገየ ብሎ ክንዷን በዱላ ሰበራት። በጠራራ ፀሐይ፣ ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት ገብስ እየወቃ። እሑድ ሽማግሌ ተቀመጠ። «ማን ሰማ?» ተባለ። ማንም አልሰማ። እዚህ አገር ሚስት እሪ ካለች ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይደርሳል፣ ለምስክርነትም ይቆማል። «እሪ ያላለች ሴት አልተመታችም፤ ወድቃ ይሆናል» ብለው ክንዷን በሸምበቆ እንዳሰረች ወደ ባሏ መለሷት። ያሳደገ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ፍሬ ይመኛል? ዱላው ሲወርድባት እኮ ጉንጮቿ ተነፍተው ነበር… ውሃ ይዛ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እማማ። ማንም አላዘዛትም።

በምን አወቅሽ ይሉኝ ይሆናል። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ከእህቴ ጋር እዚሁ ቤታቸው ስለምኖር ከጎተራው ኋላ ነበርሁ። ዱላውን ሲያነሳ አየሁ። በሩ ክፍት ነው፤ አንዴ እሪ ብል ደጁ በሰው ይሞላል። እጄ ግን ቅሉን ይዞ ወደ እንስራው ገባ። ተጎነጨሁ… አልዋጥሁም። እሑድም ሽማግሎቹ «አንቺስ፣ የኔ ልጅ፣ ያየሽው አለ?» ሲሉኝ ያው ውሃ አሁንም አፌ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። የለም አልሁ።

ቄስ ገብረ አምላክ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ለእነዚያው ሽማግሎች ይላኩልኝ። አይቻለሁ። በአፌ አልወጣ ብሎ በእጄ ወጥቷል።

ላሳዳጊያችንም ምርቃቴን ያድርሱልኝ። ዕድሜ ይስጥልን። ጤና አዳማቸው አይድረቅ። ጉልበታቸው ከድቷቸው ከመደብ የዋሉ ለት፣ ጉሮሯቸው ደርቆ «ውሃ፣ ውሃ» ብለው የተጣሩ ለት፣ አምላክ ብቻቸውን አይተዋቸው። ልክ እኔንና ጥሩሐረግን እንዳሳደጉን ያደገ ልጅ ከራስጌያቸው ያቁምላቸው… አንድ ጉንጭ ውሃ በአፉ ይዞ፣ ዝም ብሎ የሚያያቸው።

ማኅበርተኛው ሁሉ አሜን ይበል።